አንድ ዘፈን ምን ያስተምራል?
«ዲስኮ 2000» ስለሚባለው የእንግሊዝ ዘፈን የተደረገ አጭር ጥናት



በዚህ ዓመት አንድ ቀን የእንግሊዝኛ መምህራችን ትንሽ የድምፅ ማጉያ ይዘው ወደ ክፍላችን ገቡ። «ዛሬ የምታዳምጡት ንግግር ሳይሆን ዘፈን ነው። መጀመሪያ ዜማውን ስሙ፤ ቀጥሎ ቃሉን ስሙ፤ በመጨረሻም ሁለቱ ይስማሙ ወይም አይስማሙ እንደ ሆነ ጻፉ» አሉን። ዘፈኑ ሲጀምር ከኋላ የተቀመጡት ጓደኞቻችን ወለሉን በእግራቸው ይመቱ ጀመር፤ ከፊሎቹም ትከሻቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛ ጊዜ ሲሰማ ግን ቃሉ በወረቀት ታድሎን ስለ ነበር ክፍሉ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ደስ የሚለው ዜማ የተሸከመው ነገር የሚያስደስት አልነበረም። ታሪኩ አንድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ ወደዳት፣ እርስዋ ግን ስላልወደደችው ልጅ ነው።

መምህሩ «ጥያቄ ያለው አለ?» ባሉ ጊዜ አንዲት የክፍል ጓደኛችን እጅዋን አውጥታ «እርስዋስ ምን ትላለች?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ሳቅን። መምህሩ ግን አልሳቁም። «ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚሞክር ተማሪ ካለ ለዓመታዊ መጽሔታችን ይጻፍ» አሉ። እኔም ከሣቁት አንዱ ስለ ነበርሁ፣ ጥያቄውን ለመመለስ የሞከርሁበትን ይህችን አነስተኛ ጽሑፍ አቀርብላችኋለሁ።

1. የዘፈኑ ባለቤቶች

ሼፊልድ በሰሜን እንግሊዝ የምትገኝ፣ በብረታ ብረት ሥራና በተለይም በቢላዋ የታወቀች ከተማ ናት። በዚች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1978 ጃርቪስ ኮከር የሚባል የ15 ዓመት ተማሪ ከአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር ሆኖ የሙዚቃ ጓድ አቋቋመ። ለጓዱ ስም ሲፈልግ፣ በኢኮኖሚክስ ትምህርት ጊዜ ከአንድ የገበያ ዋጋ ዝርዝር ላይ ያየው የአራቢካ ቡና ስም ትዝ አለው፤ ፊደሉን ጥቂት ለውጦ «አራቢከስ ፐልፕ» አለው። ቈይቶም የፊተኛው ቃል ቀረና «ፐልፕ» ብቻ ሆነ። አራቢካ ቡና የተገኘው ከአገራችን ደኖች መሆኑን ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ይህ ነገር በክፍል ውስጥ ሲነገር ትልቅ ደስታ ፈጥሮ ነበር።

ዝናው ግን በቶሎ አልመጣም። የመጀመሪያው አልበማቸው በ1983 ወጣ፤ ሕዝቡ በሰፊው ያወቃቸው ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። በ1995 «ኮመን ፒፕል» የተባለው ዘፈናቸው በእንግሊዝ አገር የሽያጭ ሰንጠረዥ 2ኛ ሆነ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር «ዲፈረንት ክላስ» የተባለውን አልበም አወጡ። አሁን የምናጠናው «ዲስኮ 2000» ከዚሁ አልበም ተለይቶ በኖቬምበር 1995 ለብቻው ወጣና 7ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። አልበሙም በሚቀጥለው ዓመት ሜርኩሪ የሚባለውን የሙዚቃ ሽልማት አገኘ። እንግዲህ ኮከር በ15 ዓመቱ የጀመረው ሥራ ያፈራው እርሱ ከ30 ዓመት በላይ ሲሆነው ነው። ስለዚህ ዘፈኑን የጻፈው ጉብል ሳይሆን ወደ ጉብልነቱ ዘወር ብሎ የሚመለከት ጐልማሳ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

2. የታሪኩ ይዘት

በዘፈኑ ውስጥ የሚናገረው ሰው ዲቦራ ከምትባል ልጅ ጋር በአንድ ሰዓት ልዩነት ውስጥ ተወለዱ። እናቶቻቸው ሁለቱን እንደ እኅትና ወንድም ያዩአቸው ነበር፤ ሲያድጉም ይጋባሉ ብለው ያስቡ ነበር። ልጆቹ አደጉ፤ ዲቦራ ቈነጀች፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ወደዳት። እርሱ ግን ከሚወዷት ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ሆኖ ቀረ። አንዳንድ ቀን እስከ ቤትዋ ይሸኛታል። ለእርሱ ያ መንገድ ትልቅ ነገር ነው፤ ለእርስዋ ግን መንገድ ብቻ ነው።

በዘፈኑ አዝማች ላይ ሁለቱ አድገው በ2000 እንዲገናኙ ያቀደው ነገር ይነሣል። ቦታው የታወቀ ነው፤ በመንገዱ ዳር ያለው ፏፏቴ። ሰዓቱም ሳይቀር ተቈርጧል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሲያስብ እርስዋ ታገባለች፣ እርሱም ከተወለደበት አገር ርቆ ብቻውን ይኖራል ብሎ አልገመተም። በመጨረሻ ዲቦራ ባለትዳርና የልጅ እናት ሆና ሳለ በእሑድ ቀን ልታገኘው ትችል እንደ ሆነ ይጠይቃታል፤ ልጅዋንም ይዛ ብትመጣ እንደማይከፋው ይነግራታል። እርስዋ ስለ መለሰችው መልስ ዘፈኑ ምንም ሳይነግረን ያልቃል።

በእኔ አስተያየት ከዘፈኑ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ፍጻሜ ነው። ሰውየው የልጅነት ሕልሙን አጥፎ አጥፎ ከእሑድ ከሰዓት በኋላ ጋር እኩል አደረገው። አግቢኝ አላላትም፤ ለምን ተውሽኝ ብሎም አልከሰሳትም። የለመነው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

3. ዜማውና ቃሉ ለምን አይስማሙም?

መምህራችን የሰጡን ጥያቄ ይህ ነበር። ዘፈኑ የሚጀምረው በጊታር በሚመታ አጭርና ደጋግሞ በሚመለስ ሐረግ ነው። ይህ መግቢያ ጣሊያናዊው ኡምቤርቶ ቶዚ በ1979 ያወጣውን፣ በኋላም አሜሪካዊቷ ሎራ ብራኒጋን በ1982 በእንግሊዝኛ የዘፈነችውን «ግሎሪያ» የሚያስታውስ ነው። ከበሮው እንደ ዲስኮ ቀጥ ብሎ ይመታል። ኮከር ታሪኩን በሚተርክበት ክፍል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከመዝፈን ይልቅ ወደ መናገር ያደላል፤ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለቀዋል።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የሚዘፈነው በትዝታ ቅኝት ነው። ትዝታ ሲጀምር ክራሩ ወይም ማሲንቆው ገና በመጀመሪያው ምት «ተቀመጥ፤ የሚታሰብ ነገር አለ» ይለናል። አድማጩ ቃሉን ከመስማቱ በፊት ልቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። «ዲስኮ 2000» ግን በተቃራኒው መጀመሪያ ያስጨፍረናል፤ ያዘንንበትን ነገር የምናውቀው ከጨፈርን በኋላ ነው። በክፍላችን የሆነውም ይኸው ነው።

ይህ የሆነው በስሕተት አይመስለኝም። በአንድ የጭፈራ አዳራሽ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ልጅ እናስብ። የሚወዳት ልጅ ከሌሎች ጋር ትጨፍራለች። ለእርሱ የሚሰማው ሙዚቃ የደስታ ሙዚቃ ነው፤ ደስታው ግን የእርሱ አይደለም። ስለዚህ ዜማው የአዳራሹ፣ ቃሉ ደግሞ ግድግዳውን የተደገፈው ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱ ስላልተስማሙ ዘፈኑ አልተበላሸም፤ እንዲያውም ያ አለመስማማት ራሱ የዘፈኑ ሐሳብ ነው።

4. ስለ 2000 ጥቂት ቃል

ዘፈኑ በወጣ ጊዜ 2000 ገና አልደረሰም ነበር፤ ከአራት ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። ዘፋኙ ስለ ትናንት እየዘፈነ ቀጠሮውን ለነገ አደረገ። ዛሬ ግን ያ ነገ ራሱ ትናንት ሆኗል። ቀጠሮው የተባለለት ፏፏቴ በሼፊልድ መካከል በፋርጌት መንገድ ላይ በ1961 የተሠራው የጉድዊን ፏፏቴ ነው ይባላል። ይህ ፏፏቴ 2000 ከመድረሱ በፊት ከቦታው ተነሥቷል። እንግዲህ ሁለቱ በቀጠሮው ቀን ቢመጡም ኖሮ ፏፏቴውን በስፍራው ባላገኙት ነበር።

በዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሌላ ነገር አለ። ፈረንጆች 2000 ሲያከብሩ እኛ ገና 1992 ላይ ነበርን። የእኛ 2000 የገባው መስከረም 1 ቀን፣ በእነርሱ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ከዚህ ክፍል ተማሪዎች ብዙዎቻችን የተወለድነው በዚያው ዓመት ወይም በአቅራቢያው ነው። እናቶቻችን ሚሊኒየሙን ሲያከብሩ አንዳንዶቻችንን በሆዳቸው ይዘውን ነበር። ስለዚህ ዘፋኙ እንደ ሩቅ ዘመን የተመኘው ቍጥር ለእኛ የልደት ዘመናችን ነው። ሰው የሚቀጥረውን ቀን ቀኑ ራሱ አይጠብቀውም፤ ይመጣል፤ ያልፋልም።

5. ዲቦራ ማን ነበረች?

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። ቃሉን በወረቀት ይዤ ደጋግሜ ሳነብ አንድ ነገር አስተዋልሁ። በዘፈኑ ውስጥ ዲቦራ አንዲት ቃል እንኳ አትናገርም። ስለ ቤትዋ ትንሽነት፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ስላለበት የግድግዳው ወረቀት፣ ስለ ሰዓቱና ስለ ፏፏቴው ተነግሮናል። ዲቦራ ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደሚያስፈራት፣ ምን ለመሆን እንደምትፈልግ ግን አልተነገረንም። አፍቃሪው ግድግዳውን አይቷል፤ በግድግዳው ውስጥ የምትኖረውን ሰው ግን ያየ አይመስልም።

የሚያስገርመው ነገር፣ ኮከር ስለዚሁ ዘፈን ሲናገር ታሪኩ እውነት መሆኑን፣ እውነት ያልሆነው የግድግዳው ወረቀት ብቻ መሆኑን ተናግሯል። እንግዲህ በትዝታው ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው ዕቃ ያልነበረ ዕቃ ነው። ትዝታ እንዲህ ነው፤ የሌለውን ግድግዳ ሠርቶ፣ ወረቀት ለጥፎ፣ «ታስታውሺዋለሽ ወይ?» ይላል።

ዲቦራ ግን በእውነት ነበረች። ሙሉ ስምዋ ዲቦራ ቦን ሲሆን የኮከር የልጅነት ጓደኛ ነበረች። በልጅነትዋ ከቤተ ሰብዋ ጋር ሼፊልድን ለቅቃ ሄደች። ካደገች በኋላ ነርስ ሆነች፤ የሥራዋም ዓይነት የአእምሮ ጤና ነው። በተለይ የተጨነቁና ልባቸው የታወከ ልጆችንና ወጣቶችን ትረዳ ነበር። ስለዚህም ሥራዋ የእንግሊዝ መንግሥት ኤም.ቢ.ኢ. የተባለውን የክብር ሽልማት እንድትቀበል ስምዋን አወጣ። ስምዋ በወጣበት በዲሴምበር 30 ቀን 2014 በካንሰር በሽታ ዐረፈች። ዕድሜዋ 51 ነበር።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ለረዥም ሰዓት ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። በዓለም ሁሉ ብዙ ሺህ ሰዎች በስምዋ ጨፍረዋል፤ አሁንም ይጨፍራሉ። ፐልፕም ከተበተነ በኋላ እንደ ገና ተሰብስቦ በ2025 «ሞር» የተባለ አዲስ አልበም አውጥቷል። ከሚጨፍሩት መካከል ግን ይህች ሴት ስንት የተጨነቀ ልጅ እንዳዳመጠች የሚያውቁት ስንቶቹ ናቸው? በዘፈኑ ውስጥ አንዲት ቃል ያልተናገረችው ሴት ዕድሜዋን የፈጸመችው የሌሎችን ቃል በማዳመጥ ነው።

ይህን ስል ዘፋኙን መውቀሴ አይደለም። ዘፈኑ የአንድ ወገን ትዝታ መሆኑን አልደበቀም፤ እንዳላየችው ሲናገር ራሱን እንደ ጀግና አላቀረበም። እንዲያውም እየሳቀ በራሱ ላይ ይመሰክራል። የአንድ ወገን ትዝታ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው።

6. የራሴ ገጠመኝ

እዚህ ላይ ጽሑፌን ለማቆም አስቤ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ሰው ጽፎ ስለ ራስ ዝም ማለት ተገቢ ስላልመሰለኝ የራሴን እጨምራለሁ።

በሰፈራችን ከእኔ ሁለት ሳምንት ዘግይታ የተወለደች የጐረቤት ልጅ አለች። አሁን የምትማረው በሌላ ትምህርት ቤት ነው። እናቶቻችን ቡና ሲጠጡ «እነዚህን ልጆች አጋብተን አጥሩን እናፈርሳለን» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ ይህን ቀልድ ሳላስበው እንደ ቃል ኪዳን ቈጠርሁት። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን፣ በሰኔ ፈተና ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከባድ ዝናብ መጣብን። ሹራቤን አውልቄ አለበስኋት። እኔ ሦስት ቀን ጕንፋን ያዘኝ። ያን ቀን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ደብተር ሙሉ ግጥምም ጽፌበታለሁ።

ዘፈኑን ከተማርን በኋላ አንድ ቀን ማታ ከዳቦ ቤት ስትመለስ አገኘኋትና «ያን የዝናብ ቀን ታስታውሺያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የትኛውን የዝናብ ቀን?» አለችኝ።

ነገርኋት። ጥቂት አሰበችና «አላስታውስም፤ ግን አመሰግናለሁ» አለች። ቀጥላም «እኔ የማስታውሰውን ልንገርህ?» አለችኝ። «ዐሥረኛ ክፍል ሳለን አባቴ ታሞ አርባ ቀን ሆስፒታል ተኛ። እናትህ በየቀኑ ምግብ ይዘው ይመጡ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጣ። አንተ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኸኝም። በራችን አጠገብ ስትደርስ ወዲያ ማዶ ተሻግረህ ታልፍ ነበር። ምን እንዳደረግሁህ ሳስብ ከረምሁ» አለችኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ነገሩ እውነት ነው። የምናገረው ቃል ስለ ጠፋኝና ስለ አፈርሁ መንገዱን እሻገር ነበር። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ፣ ቤት ገብቼ ደብተሬን ስመለከት፣ በዚያው ሰሞን ስለ ዓይኖችዋ ኀዘን ግጥም ስጽፍ እንደ ነበር አየሁ። የዓይኖችዋን ኀዘን አሳምሬ ገጥሜአለሁ፤ የኀዘኑን ምክንያት ግን በር ላይ ቆሜ አልጠየቅሁም። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ይህን እንዳወጣ እርስዋን ጠይቄ ስምዋን እስካልጻፍሁ ድረስ ፈቅዳልኛለች። ሳነብላትም በአንድ ቦታ ላይ «ሳታውቅልኝ ቀረች» ብዬ የጻፍሁትን ሐረግ አስቀየረችኝ። «ያልነገርኸኝን እንዴት ላውቅልህ እችላለሁ?» አለችኝ። ሐረጉን ሰርዤዋለሁ። ደግሞም ሳልጠይቃት «እንደ ወንድሜ ነው የማይህ» አለችኝ። እናቶቻችን ይህን በዚህ ገጽ ላይ ሲያነቡ አጥሩ ባለበት እንደሚቆይ ይረዱልን።

7. መደምደሚያ

ከዚህ ጥናት የተማርሁትን በሦስት ነገር እጠቀልለዋለሁ።

አንደኛ፣ ዜማና ቃል የግድ መስማማት የለባቸውም። የደስታ ዜማ ኀዘንን ሊሸከም ይችላል፤ ስለዚህ ዘፈን ስንሰማ በእግራችን ብቻ ሳይሆን በጆሮአችንም እንስማ።

ሁለተኛ፣ መልስ ያላገኘ ፍቅር የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ዘፋኙ ከእርሱ ዘፈን ሠርቷል፤ በዘፈኑም ብዙ ሰው ተጽናንቷል። የወደዱት ሰው አለመውደዱም በደል አይደለም፤ ማንም ሰው በልብ ለተጻፈ፣ ላልተላከ ደብዳቤ መልስ የመስጠት ዕዳ የለበትም።

ሦስተኛ፣ ለጓደኛችን ጥያቄ የማቀርበው መልስ ይህ ነው። «እርስዋስ ምን ትላለች?» የሚለውን ጥያቄ ዘፈኑ ሊመልስልን አይችልም፤ እኔም ስለ እርስዋ ሆኜ ልመልስ አልችልም። የሚቻለው ራስዋን መጠየቅ ብቻ ነው፤ ከጠየቁም በኋላ መልሱ የፈለጉት ባይሆንም እስከ መጨረሻው መስማት ነው። እኔ ሳልጠይቅ ሁለት ዓመት ግጥም ጽፌአለሁ፤ ስጠይቅ ግን በአንድ ማታ ብዙ ተማርሁ።

በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንለያያለን። ብዙዎቻችን በደብተሮቻችን የመጨረሻ ገጽ ላይ «ከዐሥር ዓመት በኋላ እንገናኝ» እየተባባልን እንጽፋለን። እኔም ጽፌአለሁ። ነገር ግን ፏፏቴው ሊነሣ እንደሚችል፣ ሰውም ሊያልፍ እንደሚችል አይተናል። የምንወደውን ሰው ለመጠየቅ ዐሥር ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም።

ባለፈው እሑድ ከእናቴ ጋር ጐረቤቶቻችን ዘንድ ሄጄ ነበር። የልጅቱ አባት ከዳኑ ቈይተዋል፤ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ «እንዴት ከረሙ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ምነው ጠፋህ ልጄ?» አሉኝ። አጠገባቸው ተቀመጥሁና ቡናው እስኪፈላ ድረስ ተጫወትን።